ጋሽ ይቁሙልኝና ሁለቱ ሚዛኖቻቸው

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የተለካውን ደግሞ ካልለካ፣ የተቆለፈውን በር ደግሞ ካልጎተተ፣ «አዎ» ብለው ሲመልሱለት «እርግጠኛ ነህ?» ካላለ ምሳው የማይዋጥለት። ሰላም የሆነ ቀን ሁሉም ይሸሸዋል። ነገር የተበላሸ ቀን ደግሞ ሁሉም «የት ሄደ?» እያለ ይፈልገዋል።

በከተማው ዳር ባለው የድጋፍ መሣሪያዎች ወርክሾፕ ይህን ከባድ ሹመት ሠላሳ አንድ ዓመት ይዘው የኖሩት፣ ክቡር ወክቡራን፣ የቁርጭምጭሚት ሊቅ፣ የተረከዝ ጠበቃ፣ ጋሽ ይቁሙልኝ ናቸው። እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ከደመወዝ ዝርዝሩ በቀር የሚጠቀምበት የለም። ይህኛውን ያወጡላቸው ሕመምተኞቹ ናቸው። ሰው እያነከሰ ገብቶ፣ ወንበር አይቶ፣ እፎይ ብሎ ሊቀመጥ ሲል ከክፍሉ ጥግ አንድ ለስላሳ ድምፅ ይመጣል፦

«ከመቀመጥዎ በፊት እስቲ አንዴ ይቁሙልኝ።»

«ቆሜ እኮ ነው ያለሁት።»

«አይ፣ ይሄ መቆም አይደለም። ይሄ ወንበር መጠበቅ ነው።»

ከእሳቸው ፊት ለፊት ጠራቢዋ ትሠራለች። ጠራቢ የሚሏት የጀሶ እግር ስለምትጠርብ ነው። ቁርጭምጭሚቱ የላላ ሰው ሲመጣ እግሩ በረጠበ የጀሶ ፋሻ ይጠቀለላል፤ ፋሻው ሲደርቅ ተቀዶ ይወጣል፤ ባዶው ቅርፊት ውስጥ ጀሶ ሲፈስስበት የሰውየው እግር ነጭ ሆኖ ይወለዳል። ጠራቢዋ ያንን ነጭ እግር በሞረድ ታስተካክላለች፣ ከዚያ በላዩ ላይ ትኩስ ፕላስቲክ ይለበጣል፣ ፕላስቲኩም ድጋፍ ይሆናል። እጇ የተመሰከረለት ነው። ፍጥነቷም እንደዚሁ፤ የራሷ ሕመምተኛ ሲደርሳት አስቀምጣ፣ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በዐሥር ደቂቃ ጠቅልላ ትሸኘዋለች። ጋሽ ይቁሙልኝ በዐሥር ደቂቃ ገና ሕመምተኛውን ከወንበሩ እያስማሙት ነው።

«ጋሼ፣ ሰው እኮ ደክሞት ነው የሚመጣው። ይቀመጥ በቃ!» ትላለች፣ ሞረዷን ሳታቆም።

«ለመቀመጥማ ድጋፍ አያስፈልገውም። ወንበር ይበቃዋል» ይላሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ይህን ክርክር ዐሥራ አንድ ዓመት ተከራክረውታል። ማንም አላሸነፈም፤ ማንም አልሰለቸም።

የእሳቸው ትምህርት አጭር ነው፤ ግን በቀን አምስት ጊዜ ይሰጣል። የተንጠለጠለ እግር የዓመት ፈቃድ ላይ ያለ እግር ነው፤ ይሰበሰባል፣ ያምርበታል፣ የውስጥ እግሩ ቅስት ከፍ ይላል። ሰውነት ሲጫነው ግን ሥራ ይገባል፤ ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ ቅስቱ ይረግባል፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ በውስጥ በኩል ያለችው ጉብ ያለች አጥንትም ትወርዳለች። ፈቃድ ላይ ለነበረው እግር የተሠራ ድጋፍ ሥራ የገባውን እግር ይነክሰዋል። «ታዲያ የቆመውን እንዳለ ይቅዱታ» ያላቸው ሰው ካለ ደግሞ ጣታቸው ይነሣል፦

«እሱማ የወደቀውን ከነአወዳደቁ መቅዳት ነው። ሰውየው ይቆምና ግማሽ ክብደቱን ይሰጠኛል። እኔ ተረከዙን በእጄ አቃናለሁ። እሱ ይጫናል፣ እኔ እይዛለሁ። መሐል ላይ እንገናኛለን።»

አንድ ጊዜ ጡረታ የወጡ ዳኛ መጡ። «እኔ ፊት ሰው ይቆማል እንጂ እኔ ሰው ፊት አልቆምም» ብለው የወንበሩን መደገፊያ ያዙ። ጋሽ ይቁሙልኝ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡና «ልክ ነው፣ ክቡር ዳኛ። እርስዎ መቀመጥ ይገባዎታል። እግርዎ ግን ተከሳሽ ነው፤ ይነሣና ቃሉን ይስጥ» አሏቸው። ዳኛው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይግባኝ ፈለጉ። አጡ። ቆሙ።

በቤታቸውም ያው ናቸው። ባለቤታቸው አንድ ቀን ምሳ ይዘው መጥተው አቤቱታቸውን ለጠራቢዋ አሰምተዋል። «ጫማ ልገዛ ሄጄ እኔን ብቻ ቢያስቆሙኝ ምን ነበረበት? ሱቁ ውስጥ ያለውን ገዢ ሁሉ አስቆሙት እኮ! ‹አሁን አትግዙ፣ እግር ሲውል ነው ልኩ የሚታወቀው፣ ወደ ማታ ተመለሱ› ብለው በትነውት ቁጭ። ሻጩ ምሳ ልወጣ ነው ብሎ ዘጋብን። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ!»

ሁሉንም የሚያስንቀው ግን የሁለቱ ሚዛኖች ነገር ነው። ጋሽ ይቁሙልኝ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዟቸው ሁለት የሰው ሚዛኖች አሏቸው፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀለሙ ረግፎ ምን እንደነበር የማይታወቅ። ሕመምተኛው አንድ እግሩን በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ላይ አድርጎ ይቆማል። የታመመ እግር ያለው ሰው «ቆሜያለሁ» ቢልም፣ ሳያውቀው ክብደቱን ለደህናው ይሰጣል። «ሰው የሚዋሸው በአፉ ብቻ አይምሰልሽ» ይሏታል ጠራቢዋን፣ የሚዛኑን መርፌ እያዩ። «አፉ ሲጨርስ እግሩ ይቀጥላል።» ሰማያዊው ሚዛን ሁለት ኪሎ ይጨምራል፤ እሳቸው ሲያነቡ ሁለት ይቀንሳሉ።

«ለምን አይጥሉትም?» ብላቸው ነበር ጠራቢዋ።

«ውሸቱን የማውቀው ሚዛን ነው። አዲስ ብገዛ ደግሞ ጠባዩን እስካጠና ዕድሜዬ ያልቃል።»

እንግዲህ የጠራቢዋ ግራ ቁርጭምጭሚት የከዳት እንዲህ ካለው ሰው ፊት ለፊት ቆማ ነው።

አልወደቀችም፣ አልተጠመዘዘችም። ዝም ብሎ በሦስት ወር ውስጥ ላላ። ጠዋት ደህና ትውልና ከሰዓት በውስጥ በኩል ያብጣል፤ ወደ ማታ እግሯ እንደ እርጥብ ካርቶን ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ሐኪም ቤት ሄዳ ቢሆን ኖሮ የሚልኳት ወደዚሁ ወርክሾፕ ነው፤ ስለዚህ አልሄደችም። በዚያው ሰሞን ወጣቱ አለቃ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ፤ ቆሞ መሥራት የማይችል ሠራተኛ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል ይላል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ሠራተኛ መሞረጃ ማሽኑ ላይ እግሩ ከድቶት ለጥቂት ነው እጁ የተረፈው።

ግምጃ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ቀኑን ሙሉ ማሰሪያ ከማሰሪያ፣ ብሎን ከብሎን መለየት ነው ሥራው። ከዚህ በፊት ሁለት ሰዎች ወርደዋል፤ አንዱም ወደ ላይ አልተመለሰም። ጠራቢዋ ስለ ደረጃዋ አልነበረም የምትጨነቀው። ሻካራው ጀሶ ከእጇ ሥር እየለሰለሰ፣ ቀስ በቀስ የማታውቀው ሰው ተረከዝ ሆኖ ሲወጣ የሚሰማት ነገር ነበር፤ ስሙን አታውቀውም። ያንን ወስደው በምትኩ የብሎን ሳጥን ሊሰጧት ነው።

ስለዚህ ባለሙያ ብቻ የሚሠራውን ስሕተት ሠራች፦ ለራሷ ሠራች። ሦስት ቀን ሁሉም ምሳ ሲወጣ ወደ ኋላ ቀረች። በመጀመሪያው ቀን በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ ግራ እግሯን በቀኝ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠቀለለች። በሁለተኛው ጠረበች። በሦስተኛው ፕላስቲኩን ለበጠች። ከሥራዋ ሁሉ እንደዚያ ያማረ ድጋፍ አልወጣትም፤ ጠርዙ እንደ ሲኒ ከንፈር የለሰለሰ፣ ማሰሪያው ልክ ቦታው ላይ። ተቀምጣ አጠለቀችው። እንደ ካልሲ ገባ። ተነሣች።

ያቺ ጉብ ያለች አጥንቷ ወረደችና ጠርዙ ላይ ተቀመጠች።

ሁለት ቀን እንደዚያው ዋለችበት፣ ከረጅም ሱሪዋ ሥር ደብቃ። በእያንዳንዱ እርምጃ ነከሳት። ወደ ጠረጴዛዋ ማዶ አላየችም፤ ምን እንደሚሏት አሳምራ ታውቃለች፤ ያውም በምን ዓይነት ድምፅ።

ጋሽ ይቁሙልኝ አነካከሷን አላዩም። ላለማንከስ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ያዩት ወለሉን ነው። የጀሶ ክፍል ወለል ሁልጊዜ ዱቄት አለበት። ሐሙስ ከሰዓት፣ ጠረጴዛዋ ሥር የቀኝ ጫማዋ ዱካ እንደ ማኅተም ተመትቷል፤ በግራ በኩል ግን ድመት ያለፈችበት ነው የሚመስለው።

«አንቺ ልጅ» አሉ። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። «ግራ እግርሽን ቤት ረስተሽው መጣሽ?»

«ምን ሆኑ ጋሼ? ደህና ነኝ።»

«ዱቄቱ እንደዚያ አይልም።»

«ደግሞ ዱቄት ማመን ጀመሩ?»

«ሚዛኖቹን ላምጣቸው?»

«ኧረ በሞቴ! ሥራዬን ልሥራበት።»

አመጧቸው። ወጣች። ብልሃቱን ሁሉ ታውቃለችና የቀኝ እጇን ጣቶች ሳታስነቃ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳረፈች።

«እጅሽን» አሉ፣ ሚዛኑን እያዩ።

አነሣች።

«ቀኝ አርባ ስድስት። ግራ፣ በሰማያዊው፣ ሃያ። ሁለት ሲቀነስ ዐሥራ ስምንት።» «ይሄ እግር አይደለም ልጄ። ይሄ የተደገፈ መጥረጊያ ነው።»

ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ። «ለአለቃው ይነግራሉ?»

«አለቃው ሚዛኑ ላይ የታለ? እኔ የማነጋግረው የቆመውን ነው። አውልቂውና አሳዪኝ።»

ድጋፉን ፈትታ ሰጠቻቸው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ።

«እጅሽ ይባረክ። ቆንጆ ነው» አሉ። ድጋፉን ገልብጠው አዩና ጨመሩ። «ለተቀመጠች ሴት።»

«ታዲያ ቆሜ ራሴን እንዴት ልጠቅልል? ጎንበስ ስል ክብደቱ ይሸሻል፤ ቀና ስል እጄ አይደርስ!»

«እሱማ እውነትሽን ነው። የራሱን ቁርጭምጭሚት ቆሞ የለካ ሰው ገና አልተወለደም።» ድጋፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ድምፃቸው ተለወጠ። «እኔ ግን እዚህ ነበርኩ። ከጠረጴዛሽ እስከ ጠረጴዛዬ ሦስት እርምጃ ነው። በዚህ እግርሽ ቢሉት እንኳ አራት።»

ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችና ተመልሳ ሚዛኖቹ ላይ ወጣች።

ወዲያውኑ ፋሻውን ውኃ ነከሩ። እሷ ቆመች፤ እሳቸው ወደ ወለሉ ወረዱ። አወራረዳቸውን እስከዚያ ቀን አይታው አታውቅም፤ ሁልጊዜ አንገቷ ሞረዷ ላይ የተደፋ ነበር። አንድ እጃቸው በርጩማውን ያዘ፣ ሌላው ወለሉን ፈለገ፣ ትንፋሻቸው ቆመ፣ አንዱ ጉልበት አረፈ፣ ቀጠለና ሌላው። የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማች። ከላይ ስታያቸው ሱሪያቸው ጉልበቱ ጋ ውስጡ ስፖንጅ ተሰፍቶበታል፤ ስፌቱ የሚስት ስፌት ነው።

ያኔ ገባት። ሕመምተኛውን የሚያስቀምጥ ባለሙያ እሱም ይቀመጣል፤ እግሩን ጭኑ ላይ ይይዛል። ሕመምተኛውን የሚያስቆም ባለሙያ ግን ወለል ላይ ነው ሥራው። በቀን አምስት፣ ስድስት ሰው። ሠላሳ አንድ ዓመት። ያ ሁሉ ሰው «ምን ያስቆሙኛል!» እያለ ሲያጉረመርም፣ ከእግሩ ሥር ጉልበቱን የሚከፍል ሌላ ሰው እንደነበረ ማን አየ? እሷስ፣ ከሁሉም ቅርብ ሆና፣ መቼ አየች?

«ስጪኝ» ይላሉ ከታች። «አትቆጥቢ፣ ጫኚብኝ። አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ።» ተረከዟን በመዳፋቸው አቃንተው ያዙት። ጫነችባቸው። ሰማያዊው ሚዛን ሃያ አምስት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ሁለት አለ። ጀሶው በዙሪያዋ እየሞቀ እስኪጠነክር ድረስ እንደያዙት ቆዩ።

ሲጨርሱ አልተነሡም። ጠረጴዛው ሥር ማየት ጀመሩ።

«ምን ጠፋዎት?»

«እርሳስ።»

እርሳሱ ጆሯቸው ላይ ነበር። ጠራቢዋ ክንዷን ዘረጋችላቸው፤ እሳቸውም ሳያዩት እንዳልያዙት ሆነው ያዙት።

ዓርብ አዲሱ ድጋፍ ተለበጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ማሳጠር ይሻላል፤ እሳቸው ግን አላሳጠሩትም። «አሁን ደህና ነው» ስትል «ደረጃውን ውጪና ንገሪኝ» ይላሉ። ወጥታ ወርዳ «ደህና ነው» ስትል «ባልዲ ይዘሽስ?» ይላሉ። ባልዲ ይዛ ስትመለስ «ጠዋት እኮ ነው፤ ገና አልዋለም። ከሰዓት እንነጋገር» ይላሉ። ከሰዓት ጠርዙን አሙቀው የእህል ቅንጣት ያህል ገፉላት። ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ቅንጣት። መጨረሻ ላይ የሰማያዊው ሁለት ተቀንሶ ቀኝ ሠላሳ ሦስት፣ ግራ ሠላሳ አንድ ሲሆን እንኳ ሁለት ጊዜ አስወርደው አስወጧት።

ብትናደድ ደስ ባላት ነበር። ቤቷ ስትገባ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። በየቀኑ ስንት ሰው ነው «ደህና ነሽ?» የሚላት? ደህና ነኝ ትላለች፤ ተመስገን ብሎ ያልፋል። እህቷም፣ ጎረቤቷም፣ የበሩ ዘበኛም። ደህና ነኝ ስትል አላምንሽም ብሎ ወለል ላይ የወረደላት ሰው በዕድሜዋ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ዐሥራ አንድ ዓመት ስትቀልድበት ኖራለች።

ሰኞ ጠዋት ወጣቱ አለቃ ወረቀቱን ይዞ ገባ። ዓይኑ ቀጥታ ወደ እሷ ሄደ፤ ሰው ነግሮታል ማለት ነው።

«አንቺስ? መቆሙ እንዴት ነው?»

ያቺ የታወቀች መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ድጋፉ ከሱሪዋ ሥር አይታይም፤ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ብትዋሽ ማንም አያውቅባትም። ዋጠቻት።

«ግራ ቁርጭምጭሚቴ ላልቷል» አለች። «ድጋፍ አድርጌያለሁ። ከጠዋት እስከ ምሳ ቆሜ እሠራለሁ። ከሰዓት በየሰዓቱ ዐሥር ደቂቃ መቀመጥ አለብኝ። ማሽኑን ከምሳ በኋላ አልነካም።»

የልጁ እስክሪብቶ ቆመ። «ስምንት ክፍል ዞሬ መጣሁ» አለ። «ሁሉም ሰው ደህና ነኝ አለኝ። ማንን አምኜ ምኑን ልጻፍ? አሁን ገና የሚጻፍ ነገር አገኘሁ።» ጻፈ። «የማሽኑን ሥራ ወደ ጠዋት አዙሪው። በሦስት ወር ደግሞ እናየዋለን። እስከዚያ የትም አትሄጂም።»

ጠራቢዋ ሞረዷን አነሣች።

«ጋሼስ?» አለ ልጁ ዞር ብሎ።

«እኔማ ደህና ነኝ» አሉ ጋሽ ይቁሙልኝ፣ እንደ ሰው ሁሉ።

ልጁ ጽፎ ወጣ። ጠራቢዋ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀችና ፕላስቲኩ ከሚሞቅበት ምድጃ ኋላ አንድ ነገር እየጎተተች አመጣች። ቅዳሜ እሳቸው ከሄዱ በኋላ፣ የጀሶ ከረጢት ከሚደረደርበት ርብራብ ቀጥቅጣ የሠራችው መድረክ ነው፤ ሁለት መወጣጫ አለው፣ ከውኃ ቧንቧ የተሠራ መያዣ አለው። ከፊቱ ወንበር አስቀመጠች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሕመምተኛው እዚህ ላይ ወጥቶ ይቆማል። እርስዎ እዚህ ይሆናሉ። እግሩ ደረትዎ ጋ ይመጣል።»

«ሰው ቢወድቅስ?»

«መያዣ አለው።»

«ቢነቃነቅስ?»

«ይውጡና ይሞክሩት።»

ወጡበት። በአንድ እግር ጫኑት፣ በሁለት እግር ጫኑት፣ ጥግ ጥጉን ረገጡት። አልተነቃነቀም። ወርደው ሜትራቸውን አወጡ፤ ከፍታውን በሦስት በኩል ለኩ።

«በምን ለካሽው?»

«በዓይኔ።»

«በዓይን!» አሉ፣ ሰው የሞተ ያህል። «አንድ ጣት ከፍ ብሏል።»

«ቆመው አይፍረዱ ጋሼ። ተቀምጠው ይዩት።»

ሜትራቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ወደ ባዶው መድረክ ዘርግተው የሌለውን ሰው ተረከዝ ያዙ፣ አቃኑ፣ ክብደቱን ጠበቁ። ክንዳቸው አልተንጠራራም፣ ወገባቸው አልታጠፈም። ስሕተት ፍለጋ ረጅም ጊዜ ቆዩ። በዚያ መሐል ሳያውቁት ጉልበቶቻቸውን ዘረጉ።

በሩ ተከፈተና ምርኩዝ የያዙ አሮጊት እያነከሱ ገቡ። ክፍሉን ቃኙ፤ ያለውን አንድ ወንበር ሰው ተቀምጦበታል።

«ምነው፣ ለአሮጊት ወንበር አይለቀቅም እንዴ?» አሉ።

«ዛሬ አይለቀቅም፣ እማማ» አለች ጠራቢዋ፣ ክንዳቸውን ደግፋ ወደ መድረኩ እያወጣቻቸው።